እህል ከወደብ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ

ድርቅ የደረሰበት ሕዝብ ከሞት የሚተርፈው ወደብ በደረሰው እህል ሳይሆን በእጁ በገባው እህል ነው። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በደረሰው ታላቅ ረሀብ ጊዜ ይህ በገሃድ ታይቷል። የአሰብ ወደብ በጭነት በተጨናነቀበት ወቅት በሰሜን ክፍላተ ሀገር የሚገኙ ተረጂዎች እህል ይጠብቁ ነበር፤ መኪና በማይደርስባቸው ቦታዎችም እህሉን ከአውሮፕላን እስከ መጣል ተደርሷል።

ችግሩን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ቢታደል፣ ለ100,000 ተረጂዎች 15,000 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ ባለተሳቢ የጭነት መኪና 300 ኩንታል ቢጭን 50 ምልልስ ይሆናል። መኪናው ጭኖና አራግፎ ለመመለስ 6 ቀን ቢፈጅበት በወር 5 ጊዜ ስለሚመላለስ 10 መኪኖች ይበቃሉ። 10 ቀን ቢፈጅበት ግን የሚመላለሰው 3 ጊዜ ብቻ ስለሆነ 17 መኪኖች ግድ ይላሉ። እነዚህ 4 ቀናት በጉዞ ብቻ አይባክኑም፤ መጋዘን ተዘግቶ፣ ጫኝና አውራጅ ጠፍቶ ወይም የርክክብ ሰነድ ሳይሟላ ቀርቶም ይባክናሉ። በመሆኑም ተጨማሪ መኪና ከመጠየቅ አስቀድሞ ያሉት መኪኖች ለምን ቆመው እንደሚውሉ መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ዘዴ የመጠባበቂያ ክምችት ነው። እንደ ኮምቦልቻ፣ ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ)፣ ሻሸመኔና ድሬዳዋ ባሉ ማዕከሎች በተከማቸው እህል ሲሠራበት የቆየው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው፦ ዕርዳታ የተረጋገጠለት ድርጅት ከክምችቱ ተበድሮ ያድላል፤ መርከቡ ሲደርስ ይተካል። ስለዚህ ተረጂው መርከብ እስኪመጣ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ብድሩ በወቅቱ ካልተመለሰ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ቀጣዩን ድርቅ ይቀበላል።

በአንድ በር ብቻ መተማመንም አደጋ አለው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መስመር በመዘጋቱ የገቢው ጭነት በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞሯል።

ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ከሁሉም የከበደ ነው። በክረምት ብዙ የገጠር መንገዶች ስለሚበላሹ እህሉ ከሰኔ በፊት በየጣቢያው ሊገባ ይገባል። እህል የዘገየበት ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ወደ መጠለያ ይሰደዳል። ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት በሬና የሚዘራው ዘር ስለማይኖረው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ስሙ ከተረጂዎች መዝገብ አይፋቅም።