ዓይናችን ደም የሚያገኘው በግፊት ልዩነት ነው

እስቲ ስሙኝማ፣ አንድ እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁ። ግላኮማ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው የዓይን ግፊት ሲጨምር ነው ይባላል አይደል? ታዲያ የዓይን ግፊታቸው ልክ ሆኖ ሳለ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች ለምን ኖሩ?

ቀስ ብለን እንሂድ። ዓይናችን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ እንባ አይደለም። ቀን ከሌት ይመነጫል፣ በረቂቅ መውጫም ይወጣል። መውጫው ሲታወክ ፈሳሹ ይጠራቀምና ዓይን ከውስጥ ይወጠራል። የዓይን ግፊት ማለት ይኸው ነው፤ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

ደም ደግሞ ይህን ውጥረት አልፎ መግባት አለበት። እንዴት? የመርሳ ከተማን መስኖ አስቡት! ውሃ ከቦዩ ወደ ማንጎው መደብ የሚገባው የቦዩ ውሃ መደቡ ውስጥ ካቆረው ከፍ ሲል ነው። መደቡ ከሞላ አይገባም። መደቡ ሳይሞላም ቦዩ ከጎደለ፣ ያው አይገባም! ቦዩ የደም ግፊት፣ መደቡ የዓይን ግፊት ነው። ለካስ ወሳኙ ልዩነቱ ነው!

በቁጥር እንየው። ቁጭ ያለ ሰው ደም ግፊቱ 120/80 ቢሆን፣ አማካዩ (ወደ ታችኛው ቁጥር ስለሚያደላ) 93 ገደማ ነው። ዓይን ጋ ሲደርስ ሁለት ሦስተኛው፣ 62 ያህሉ ይቀራል። የዓይን ግፊቱ 15 ቢሆን፣ ከዚያ ላይ ቀንሱት፤ 47 ይቀራል። አሁን ደም ግፊቱ ወደ 90/60 ይውረድ፤ በዚያው ስሌት የሚቀረው 32 ብቻ! የዓይን ግፊቱ እኮ ንቅንቅ አላለም።

የሌሊቱ ደግሞ ሊብስ ይችላል። ስንተኛ የደም ግፊት በተፈጥሮው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ስንጋደም የዓይን ግፊት ይጨምራል። ወይ ጉድ! ቦዩ ሲጎድል መደቡ ይሞላል። ደም ግፊቱ ሌሊት ከልክ በላይ የሚወርድበት ሰው፣ ቀን ሲለካ ደህና ሆኖ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። የእንቆቅልሹ መልስ ይህ ብቻ ባይሆንም፣ አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ደም ግፊት የሚቀንሰውን ኪኒን እናቁም? በፍጹም! ከፍተኛ ደም ግፊትም ደም ስሮችን ይጎዳል። ግላኮማ ያለባችሁ፣ ወልድያም ሆነ መርሳ ስትታከሙ፣ ለዓይን ሐኪሙ የደም ግፊት ኪኒን እንደምትወስዱና በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩት፤ የደም ግፊታችሁን ለሚከታተለው ደግሞ ግላኮማ እንዳለባችሁ። ማታ የሚዋጠው ኪኒን ሰዓቱ ይቀየር አይቀየር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። 40 ዓመት ያለፋችሁ ደግሞ ባያማችሁም ታዩ፤ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፣ የወሰደውን ብርሃንም አይመልስም።