50 ባይት የበላችብኝ ሌሊት

ፒንግ ያልፋል፤ ፋይል አያልፍም። አንዱ ማሽን ሌላውን «አለህ?» ሲለው «አለሁ» ይላል፤ ፋይል ሲሰጠው ግን ዝም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ የሰርቨር ክፍሉ ብርድ አጥንቴ ገብቷል።

ማሽኖቹ የሚኖሩት በግል ክላውዳችን ውስጥ ነው። የግል ክላውድ ድርጅቱ በራሱ ሰርቨሮች ላይ የሚያቆመው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሕንፃው አንድ፣ ቤቱ ብዙ። እኛ የተከልነው ናሳና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመሩትን ኦፕንስታክ ነው። ኔትወርኩን የሚዘረጋው ክፍሉ ኒውትሮን ይባላል።

የሒሳብ ክፍሉና የሙከራ ማሽኖቹ በአንድ ኬብል ቢሄዱም መተያየት የለባቸውም። የቆየው ግድግዳ ቪላን ነው፤ መለያው 12 ቢት ስለሆነ ከ4094 ኔትወርክ አያልፍም። እኛ የመረጥነው አዲሱ ግድግዳ፣ የቪኤክስላን መለያ ግን 24 ቢት ነው፤ 16 ሚሊዮን ገደማ ይለያል። ዘዴው ደብዳቤውን ከነፖስታው ሌላ ፖስታ ውስጥ መክተት ነው።

ጣጣዬም እዚያው ነበር። ሁለተኛው ፖስታ 50 ባይት ይወስዳል። መንገዱ በአንድ ፓኬት የሚያሳልፈው 1500 ባይት ሆኖ ሳለ ማሽኖቹ 1500 ሞልተው ይልካሉ። ትንሿ ፒንግ ትሾልካለች፤ ትልቁ ፋይል በር ላይ ይቀራል። ፋየርዎሉን ሦስት ጊዜ በከንቱ ከስሻለሁ!

ወይ ማሽኖቹን ወደ 1450 ማውረድ፣ ወይ መንገዱን ማስፋት ነበረብኝ። ስዊቾቹንና የሰርቨሮቹን የኔትወርክ ካርዶች ወደ 9000 ከፍ አደረግሁ፤ ፋይሉ ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ኔትወርክ ስዘረጋ በፒንግ ምላሽ አልታለልም፤ አስቀድሜ የምልከው ትልቁን ፓኬት ነው።