ስለ አድማጭና ስለ አንዲት ሰማያዊ ደብተር



ከእናንተ መካከል ገና ጀማሪ የሆኑ ጥቂት ሙዚቀኞች «አሳታሚ ሳይኖርህ፣ ማስታወቂያ የሚከፍልልህም ሰው ሳይኖር፣ አድማጭህን ይዘህ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየህ?» እያሉ ደጋግመው ስለ ጠየቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በጥቂት ቃል ከመመለስ አንድ ጊዜ በሰፊው መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን አስቀድማችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

አስቀድሜ ውርደቴን ልናዘዝ። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ አልበሜን ባወጣሁ ጊዜ በዚህ ቻናል ላይ ከ4000 የሚበልጥ ሰው ተመዝግቦ ስለ ነበረ፣ ከአሥሩ አንዱ እንኳ ቢመጣ ቦታ ይጠባል በሚል ተስፋ 400 ወንበር ያለው አዳራሽ ተከራይቼ፣ ክራሬን ወልውዬ፣ ድምፅ ማጉያውንም ሦስት ጊዜ ፈትሼ ብጠብቅ፣ የመጣው ሰው ከእናቴና ከጎረቤቶቻችን ጋር ተደምሮ 37 ነበር። ከ37ቱም ውስጥ ሁለቱ አዳራሹን ለሠርጋቸው ሊያዩ የመጡ እጮኛሞች መሆናቸውን በኋላ ተረዳሁ። ያን ሌሊት ክራሬን አንግቤ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ የታወቀኝ ነገር ቢኖር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አድማጭ ነው ብዬ ስሰበስበው የኖርሁት ውዳሴ ከንቱ መሆኑ ነው።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ካዛንቺስ እንዲህ ሳይፈርስ በፊት በዚያ ሰፈር ከነበሩት አዝማሪ ቤቶች ወደ አንዱ እየሄድሁ አንድ ብርሌ ጠጅ ይዤ አመሽ ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ በተጣበቡት መቀመጫዎች መካከል ሲያልፍ፣ ከጥግ የተቀመጠ እንግዳ ብርሌውን አኑሮ «ተቀበል!» ይለዋል፤ አዝማሪውም ከእንግዳው አፍ የወጣውን ስንኝ፣ ቤቱ ባይመታ እያቃና፣ ሐረጉ ቢጎረብጥ እያለዘበ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ በዜማ ያሰማለታል። እንግዳው ተነሥቶ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጥፍ ስላየ፣ የሚከፍለው ለሰማው ዘፈን ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የነገሩን ምስጢር አላስተዋለም፤ የሚከፍለው የገዛ ቃሉ ተቀባይ አግኝቶ፣ አጊጦ፣ በሰው ፊት ሲቆም ስላየው ነው።

በዚያ ቤት ከጅቡቲ መንገድ በተመለሰ ቁጥር ጎራ የሚል አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበረ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ስለ እናቱ ሁለት ስንኝ ሰጥቶት ኖሮ፣ አዝማሪው ሹፌሩን ገና ከበሩ ሲያየው የጀመረውን ዘፈን ከመካከሉ አቋርጦ ያችኑ የእናቱን ስንኝ ያነሣለት ነበር። ሹፌሩም ኮፍያውን አውልቆ፣ ዘፈኑ እስኪፈጸም ድረስ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ይሰማል። ይህ ሰው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እኔ በቻናሌ ላይ የሠራሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ቻናል ማለት በጠባዩ ባለቤቱ ብቻ የሚናገርበት፣ ሌላው አፉን ይዞ የሚሰማበት ዐውደ ምሕረት ነው፤ የመወያያ ግሩፕ ስላላያያዝሁበትም፣ ከ4000ው ሰው አንዱ እንኳ «ተቀበል» ልበልህ ቢል መንገድ አልነበረውም። ዩቲዩብም ቢሆን የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4000 የዕይታ ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ ይህም የአራት ደቂቃ ዘፈን 60,000 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መሰማት አለበት ማለት ስለሆነ፣ የወጣቱ ሙዚቀኛ ልቡና ወደ ቁጥር ቢያዘነብል አልፈርድበትም፤ እኔም ነበርሁበትና። ኬቪን ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ የጥበብ ሰው በየዓመቱ 100 ዶላር የሚያወጡለት 1000 እውነተኛ ወዳጆች ቢኖሩት ኑሮው ይቃናል ማለቱን ብዙዎች ይጠቅሱታል። የዶላሩ ሒሳብ በእኛ ኪስ ልክ የተቆረጠ ባለመሆኑ ተውሁት፤ «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ አስቀረሁ።

ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር ገዝቼ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእነዚያን 35 ሰዎች ስም ጻፍሁ፤ እጮኛሞቹን ተውኋቸው። ከስሙ አጠገብ የሚኖርበትን አገር፣ የወደደውን ዘፈን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የነገረኝን ቃል አሰፍራለሁ። ቻናሉንም ከግሩፕ ጋር አያያዝሁት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከራት በኋላ ተቀምጬ፣ የድምፅ መልእክት ለላከልኝ ሁሉ በስሙ ጠርቼ በድምፄ እመልሳለሁ። አድካሚ ነው፤ አንዳንዴ ሌሊቱ ይጋመሳል።

ከገጾቹ አንዱን ላሳያችሁ። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን፣ ቤተ ሰዎቹ ከተኙ በኋላ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፤ «ወንድሜ፣ ዘፈንህን እወደዋለሁ፤ ግን በቀትር ውኃ የምትቀዳ ልጅ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ምንጭ የሚወረደው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ካረፈድህ ከብቱ ያደፈርሰዋል።» የከተማ ልጅ ነኝና ያን ቀትር ያመጣሁት ለቤት መምቻ ብቻ ነበር። ስንኙን አፍርሼ እንደ ነገረችኝ አስተካከልሁት፤ ዘፈኑንም እንደ ገና ቀድቼ፣ ያረመችኝ የቤይሩቷ እኅቴ መሆኗን ከሥሩ ጽፌ ለጠፍሁት። እሑድ እሑድ ዕረፍት ስታገኝ ለምትገናኛቸው ጓደኞቿ ሁሉ እንዳሰማቻቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዛሬ በደብተሬ ውስጥ ከቤይሩት ብቻ 14 ስም አለ።

አዳራሽ መከራየቱንም ተውሁት። በዓመት አራት ጊዜ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት በሚዞር ጉባኤ፣ ከ30 በማይበልጥ ሰው ፊት ያለ ድምፅ ማጉያ እጫወታለሁ፤ ምሽቱም ሲያበቃ «ለሚቀጥለው ማን ይወስዳል?» ተብሎ ይጠየቃል። ባለፈው ክረምት ኮተቤ፣ አንዲት እናት ቤት፣ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የክራሩ ድምፅ ፈጽሞ ጠፋ። እኔ እጄን አንሥቼ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ ስል፣ የተቀመጠው ሰው ዘፈኑን ከቆመበት ተቀብሎ በጭብጨባ ጨረሰው። ያን ጊዜ ደብተሬን ያወጣሁት ለመጻፍ አልነበረም፤ ዓይኔን ለመሸሸግ ነው።

ታማኝ አድማጭ ግን ቀንበርም አለው። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በእግሩ ላይ ቢተክልበት፣ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም እንዳልታወቃቸው ታሪኩ ይነግረናል። ሰባኪዎቻችን ይህን የሚያነሡት የዜማውን ጣዕም ለማድነቅ ሲሆን፣ ለእኔ ለኃጢአተኛው ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ፣ እንደዚያ አጥብቆ የሚወድ አድማጭ ሳያውቅ የዘማሪውን እግር ከመሬት ጋር ሊቸነክር መቻሉ ነው፤ ያሬድም ንጉሡ የወደደውን እንዲለምን በፈቀደለት ጊዜ የጠየቀው ወደ ምናኔ እንዲያሰናብተው ነበር። ከክራሩ ጋር ቤዝ ጊታር ባስገባሁበት ዓመት፣ ከመጀመሪያዎቹ 35 ሰዎች አንዱ የሆኑ ጡረተኛ መምህር «ልጄ፣ የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ» አሉኝ። ቤዙን አላወጣሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ሳዘጋጅ፣ ረቂቁን ከሌላው ሰው ሁለት ወር አስቀድሜ ለእርሳቸውና ለመሰሎቻቸው እልካለሁ፤ የሚሉትንም እሰማለሁ፤ አንዳንዱን እቀበላለሁ፣ ያልተቀበልሁትንም ስለ ምን እንዳልተቀበልሁት እነግራቸዋለሁ። በቅርቡ ግሩፑ ውስጥ አንድ ወጣት በቤዙ ላይ ሲያጉረመርም፣ አስፈላጊነቱን የሚያስረዱት እኒያው መምህር ሆነው አገኘኋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ለአድማጭ በእጁ የሚይዘው ነገር ስጡት። የዋሊያስ ባንዱ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ፣ በፈረንጅ 1985 አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድ ጋር እያዋሐዱ ለብቻቸው የቀዱት ሥራ በካሴት ወጥቶ ነበር። እርሳቸው በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ፣ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓትም ከመኪናቸው ኪቦርድ አውጥተው እየተለማመዱ ሲኖሩ፣ ያች ካሴት ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገብታ በ2013 እንደ ገና ታተመች፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለው አዲስ አልበማቸው ወጣ። በስልክ ላይ ብቻ ያለ ዘፈን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አልበሜን ለሚገዛ ሁሉ ግጥሞቹን በወረቀት አሳትሜ፣ ስሙን በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ፤ ሩቅ ላለውም በመንገደኛ እልካለሁ።

ስለ ገንዘብ ብዙ የምለው የለኝም። በቴሌብር እቀበላለሁ፣ ዋጋውን በግልጽ እጽፋለሁ፣ አቅም አጣሁ ላለኝ ያለ ዋጋ እልካለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሠርጉም ስለሚታጠፍ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ እኔም አዲስ ዘፈን አልለቅም። ያን ጊዜ ደብተሬን አገላብጬ፣ ድምፃቸው ለጠፋብኝ ሰዎች «ደኅና ናችሁ ወይ?» ብቻ ብዬ እጽፋለሁ። መልስ ያልሰጠኝንም ሰው ስሙን አልሰርዝም።

አሁን በአንቺሆዬ ቅኝት የጀመርሁት አንድ ዜማ አለ። ስለ አውቶቡስ ተራ ነው። በሁለተኛው አንጓ ላይ ሁለት ስንኝ ጎድሎብኛልና ዜማውን ከዚህ በታች ለጥፌላችኋለሁ። አውቶቡስ ተራ ቆሞ ሰው ሸኝቶ የሚያውቅ ቃሉን ይላክልኝ፤ ሐሙስ ማታ እቀበላለሁ።