የባህል ድንጋጤና የከዚራ ትምህርት

ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያስባሉ። ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ የሚመክራቸው አያጡም፤ ከደረሱ በኋላ ስለሚያገኛቸው የባህል ድንጋጤ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን።

ይህን ስያሜ በሰፊው ያስታወቀው ካልርቮ ኦበርግ የተባለ የባህል ተመራማሪ ነው፤ ይኸውም በ1946 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገው ንግግር ነው። እንደ እርሱ አሳብ ድንጋጤው የሚመጣው ዕለት ዕለት የምንግባባባቸው ጥቃቅን ምልክቶች ሲጠፉብን ነው። በእኛ አገር እንግዳ «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ባለቤቱ አጥብቆ እንደሚለምነው ያውቃልና። ልማዱ በሌለበት አገር ግን አንድ ጊዜ እንቢ ካለ ማዕዱ ይነሣል፤ እንግዳውም ጦሙን ያድራል። በዳይና ተበዳይ ግን የለም።

ኦበርግ ነገሩን በ4 ደረጃ ይከፍለዋል። በ1ኛው ሁሉ ነገር ያምራል። በ2ኛው እንግዳው ያገሩን ልጆች ፈልጎ አብሮ እየተቀመጠ ባላገሩን ያማል። በ3ኛው ቋንቋውን እየለመደ በገዛ ችግሩ መሣቅ ይጀምራል። በ4ኛው የባላገሩን ልማድ እንደ አንድ የኑሮ ዘዴ ይቀበለዋል። አስጊው 2ኛው ነው፤ እዚያው ቆመው ዓመታት የሚኖሩ አሉና።

ለዚህ ከዚራ ጥሩ ምሳሌ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ቀጥ ያሉና ዛፍ የተተከለባቸው መንገዶች ያሉትን ሰፈር ሠራ። ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ኢጣልያኖች ኖሩበት፤ የባቡሩም የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አደርኛና ዐረብኛ የሚሰማበት የመጋላ ገበያ ከወንዙ ማዶ ነው። ስለዚህ የፈለገ ሰው ከዚራ ተቀምጦ አገሩን እንዳለቀቀ ሆኖ ለመኖር ይችል ነበር። ደቻቱን ተሻግረው ቋንቋ የተማሩና ልጅ ወልደው የከበዱ ነጋዴዎችም ነበሩ።

ድንጋጤው የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ከደጋ የመጣ ተማሪም ዛሬ ከዚራ ሲገባ ሙቀቱ ይከብደዋል፤ በቀትር ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሲተኛ ስንፍና ይመስለዋል፤ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ሲለው ይደነግጣል። ቀትሩን ማረፍ ግን ፀሐይን የማለፊያ ብልሃት ነው፤ «አንተ»ም በድሬዳዋ የመቀራረብ ምልክት እንጂ ንቀት አይደለም።

እንግዲህ ለሚሄዱት የምንመክረው ይህን ነው። ከመፍረድ በፊት «ይህ ልማድ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብሎ መጠየቅ፤ ቋንቋውን ከክፍል ይልቅ ከገበያ መማር፤ ያገር ልጅን ለመጽናኛ እንጂ ለመሸሸጊያ አለማድረግ። ሀዘንና ብስጭት ሲመጣም የስንፍና ምልክት ሳይሆን የሚያልፍ ደረጃ መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ ይህን ባለማወቅ ትምህርቱን ጥሎ የሚመለስ አለ። ሰው በሄደበት ሁሉ የራሱን ከዚራ መሥራቱ አይቀርም። ደቻቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነውና ለመሻገር የፈለገውን አይከለክለውም።