በሞዴል 19 የገባ መርዝ

ያረጀሁት መጋዘን ውስጥ ነው። በአርሲ ደጋ፣ ስሟን ልተዋትና፣ በአንዲት ወረዳ የግብርና መጋዘን ቁልፍ ለሃያ ሁለት ዓመት ከወገቤ አልተለየም። ለንብረት ክፍል ሰው ዓለም ሁለት ወረቀት ናት፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ገብቶ ያልወጣ ሁሉ በስሜ የተመዘገበ ዕዳ ነው። ጡረታ እስክወጣ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ አልጎደለብኝም። እንቅልፍ የነሳኝ አልወጣ ያለው ዕቃ ነበር።

ከመጋዘኑ በስተጀርባ ጥግ ላይ ዝገት የበላቸው በርሜሎችና ጎናቸው የተተረተረ ከረጢቶች ተደርድረው ነበር። ማላታይን አለ፣ ዲዲቲ አለ፣ ጽሑፉ ለቆ ምንነቱ የጠፋ አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲያስረክበኝ አንዱን በርሜል በእግሩ ነካ አድርጎ "ይሄን 'ፈሳሽ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ' ብለህ ጻፍ" አለኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ሽታው ካፖርቴ ላይ ስለሚቀር ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሳላወልቅ አታስገባኝም ነበር። እዚያ መጋዘን ውስጥ አይጥ አይቼ አላውቅም። እንደ ንብረት ሰው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ነው አይጥ የማይደፍረው ቤት ውስጥ ምሳዬን እንደምበላ ያሰብኩት።

አርሲ ለኬሚካል እንግዳ አይደለችም። በ1967 (እ.ኤ.አ.) አሰላ ላይ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት፣ እኛ "ካዱ" የምንለው፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የአረም መርጫንም ለገበሬው አስተዋወቀ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻዎች ተጨመሩ። እኛ በአማርኛ "መድኃኒት" እንላለን፣ ገበሬው በኦሮምኛ "ቆሪቻ" ይላል፤ ሁለቱም ቋንቋ መርዝ ብሎ አይጠራውም። ተምች ተነሣ፣ አንበጣ ገባ ሲባል ደግሞ ለጋሹ ይልካል፣ መንግሥት ይገዛል። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ሳለ ተምቹ የሚበላውን በልቶ ይሄዳል። አብዛኛው ፀረ ተባይ ከተመረተ በኋላ ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ያ ቀን ያለፈ ዕለት በርሜሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ስሙ ይለወጣል፤ ትናንት መድኃኒት፣ ዛሬ አደገኛ ቆሻሻ። ለስም ለውጥ የሚሆን ሞዴል አልነበረኝም።

ሰው ስለ አደገኛ ቆሻሻ ሲያወራ በሌሊት ወደብ ላይ የሚያራግፍ የባዕድ መርከብ ነው የሚታየው። እሱም ሆኗል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በወር 100 ዶላር ገደማ በተከራየ የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ተገኘ። በዓመቱ የባዝል ስምምነት ተፈረመ። ለአፍሪካ ይህ አልበቃትም፤ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባማኮ ላይ የራሷን ስምምነት አወጣች። ባዝል "ሳታሳውቅና ሳታስፈቅድ አትላክ" ሲል፣ ባማኮ ከአፍሪካ ውጪ የሚመጣውን ጨርሶ ይከለክላል፣ ማስገባቱንም ወንጀል ይለዋል። አንድ አንቀጹ ለእኔ በተለይ ይጥመኛል፦ በተመረተበት አገር የታገደ ወይም ምዝገባ የተነፈገ ኬሚካልም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቆጠራል። የእኔ በርሜሎች ግን በሌሊት አልመጡም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከነደረሰኛቸው፣ ተጨብጭቦላቸው ነው የገቡት።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በፈረንጆቹ 2000 አካባቢ የአገራችንን ክምችት ሲገምት ወደ 3,000 ቶን ይጠጋል አለ፤ 250 በሚያህሉ ቦታዎች የተበተነ። ታዲያ ለምን አናቃጥለውም ወይም አንቀብረውም? እኔም ጠይቄ ነበር። ሜዳ ላይ ካቃጠሉት ጭሱ ሌላ መርዝ ይሆናል፤ ከቀበሩት ወደ ምንጩ ይወርዳል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ፣ ጭሱን የሚያጥብ ምድጃ ያስፈልጋል፤ አገር ውስጥ አልነበረም። ፊንላንድ ግን ነበር፤ ሪሂማኪ በምትባል ከተማ፣ ኤኮኬም የሚባል ኩባንያ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 1,500 ቶን የሚገመት ወደዚያ ተላከ። ኢትዮጵያ የባዝል አባል የሆነችውም በዚያው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

አሁን ወረቀቱን ልንገራችሁ፤ እኔን ያስደመመኝ እሱ ነው። ላኪው አገር ለተቀባዩ በጽሑፍ ያሳውቃል። ተቀባዩ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ጭነቱ የሚያልፍበት አገር ሁሉ እንዲሁ ይጠየቃል፤ እኛ ደግሞ ወደብ ስለሌለን ጅቡቲ አለች። ከጭነቱ ጋር የሚሄድ ሰነድ አለ፤ ሹፌሩም መርከቡም ምድጃው ያለበት ፋብሪካም ሲረከቡ ይፈርሙበታል። በመጨረሻ አቃጣዩ "ደርሶኛል" ብሎ ብቻ አይቀርም፤ "አስወግጄ ጨርሻለሁ" ብሎ ለላኪው ይጽፋል። ጉዳዩ እንደ ውሉ ካልተፈጸመና ሌላ መላ ከጠፋ ላኪው መልሶ ይወስዳል። ከሞዴል 22 በምን ያንሳል? እንዲያውም ይበልጣል። እኔ ያስረከብኩት ዕቃ ከበሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጽፎልኝ የሚያውቅ የለም።

ሊወስዱት የመጡ ቀን ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው ነበር። የሚያፈሰውን በርሜል ሳያፈሱ እንዳለ ትልቅ አዲስ በርሜል ውስጥ ከተቱት። ከሥሩ ያለውን አፈር ሳይቀር በአካፋ ዝቀው፣ መዝነው፣ ቁጥር ለጠፉበት። "ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ያለ ጓንት ነበር የሚሠሩት?" አለኝ አንዱ ልጅ። አልመለስኩለትም። በዚያ ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር፤ ለአንድ ሰርግ ውሃ ማጠራቀሚያ ብዬ፣ በአመድ አሳጥቤ፣ ሁለት ባዶ በርሜል ሰጥቻለሁ። በሞዴል 22። ፊርማዬ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በዝቷል (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ባማኮ በአዋጅ 355/1995 ጸደቀ፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጣ፤ ለአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተጨመረ። ጥሩ ነው። ችግሩ መጋዘኑ ራሱ መበተኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲፈጀው ከኢተያ እስከ በቆጂ ፀረ ዋግ ያልፈለገ ገበሬ አልነበረም። ዛሬ ቱፎርዲውም፣ ራውንድአፑም፣ ፀረ ዋጉም በሊትር ይሸጣል። የተረፈው ጣሪያ ሥር ይሰካል፣ ዘር ጎተራ አጠገብ ይቀመጣል። ከወራጅ ላይ ግማሽ ሊትር አውርዶ ሪሂማኪ የሚልክ ፕሮጀክት የለም።

የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያ መብሳት ነው ደንቡ። ባለፈው ክረምት ከእርሻዬ የተረፈውን አምስት ሊትር ጀሪካን በምስማር ስበሳ ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤቴ አየችኝ። "ውይ ጋሼ! ደህናውን ጀሪካን?" አለች፤ በእውነት አዘነች። የዘይት ጀሪካን ከቤት አውጥቼ ሰጠኋት፤ አመስግና ሄደች። የተበሳውን አጥር ሥር ጣልኩት።

በሳምንቱ ገበያ ስሄድ አንዲት አህያ ላይ ተጭኖ አየሁት። አራቱም ቀዳዳ በቀለጠ ላስቲክ በሚገባ ተደፍኗል። ውሃ ሞልቶታል፤ ጠብ አይልም።