«ነጋ» የሚል ሰው ለቤተ መጻሕፍታችን

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ሁለት የንጋት አዛን ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው የቢላል ነው፤ ገና ሌሊት ስለሆነ ጾመኛው መብላቱን አያቆምም። ሱሑር የሚያበቃው በሁለተኛው ሲሆን፣ እርሱን የሚያሰማው ዓይነ ስውሩ ሰሃባ አብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ነበር። ጎህ ሲቀድ አያይም። ሰዎች «ነጋ» ሲሉት ተነስቶ ይጣራል፤ ከተማውም በእርሱ ድምፅ ጾሙን ይጀምራል።

ይህን በየረመዳኑ ለደረሶቻችን እንተርካለን። በሌላ መልኩ ያስታወስነው ግን በኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ፣ በአንድ ንባብ ቤት ውስጥ ነው። ቁርኣንን በጆሮው ሰምቶ የሐፈዘ ዓይነ ስውር ደረሳ ይዘን ገብተን ነበር። የታሪክ መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ፈልጎ ነው የመጣው። አስተናጋጁ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእኛ ወንበር ሳበልን። ከዚያ ደረሳውን አየና «እሱ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለን። የጠየቀው እኛን ነው፣ እርሱን አይደለም። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ወጣ። ዛሬም እንሂድ ስንለው «የኔ ኪታብ በልቤ ነው» ይለናል። መልሱ ያምራል፤ እኛን ግን ያሳዝነናል።

ያንን ወጣት ለመውቀስ አንቸኩልም። መጽሐፍ መደርደር፣ መዝገብ መያዝና ጸጥታ ማስከበር ተነግሮት ይሆናል። ለዓይነ ስውር ክንዱን ይዞ ከመጎተት ይልቅ የራስን ክንድ መስጠት እንደሚሻል፣ መስማት ለተሳነው ፊትን አዙሮ መናገር እንደሚገባ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ አጃቢውን ትቶ ባለጉዳዩን ራሱን ማነጋገር እንደሚያስፈልግ ማን ነገረው? በጥቂት ቀናት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ካልተሰጠ ግን በአንድ ጥያቄ አንድ አንባቢ ይጠፋል።

አገራችን መጽሐፍ መሰብሰብ ታውቅበታለች። አዲስ አበባ ውስጥ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አንድ ሚሊዮን መጽሐፍ እንዲሰበሰብለት ዘመቻ ተደርጎለታል። ደግ ነገር ነው። ለሰውስ መቼ ይሆን የሚዘመተው? ቀደም ብለው የጀመሩ አሉ። በገጠር ከተሞች የኅብረተሰብ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋም የሚታወቀው ኮድ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ከማቅረቡ ጎን ለጎን ሠራተኞቹን ያሠለጥናል። በሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ ቤተ መጻሕፍት መምጣት ወዳልቻሉ ልጆች ይሄድ ነበር።

የእኛ አካባቢ ግን የራሱ ፈተና አለው፤ ፊደሉ ሦስት ነው። በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ባሉ ብዙ ሙስሊም ቤቶች አያት የሚያነቡት ዐረብኛ ነው፤ አንዳንዶቹም ኦሮምኛውን ራሱን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉታል። አባት የተማረው በግዕዝ ፊደል ነው። ልጅ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ቁቤ ይማራል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ በአንድ ቋንቋ እየተጫወቱ፣ አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይህን ካላወቀ ሽማግሌው የልጁን መጽሐፍ ገልብጠው ሲይዙ «ያልተማሩ ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል። እኚያ ሽማግሌ ግን ዕድሜያቸውን ከኪታብ ጋር ያሳለፉ ዓሊም ሊሆኑ ይችላሉ።

ደግሞም ይህ አገር ለንባብ እንግዳ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ተሽጦ ባሪያ የነበረ ሰው፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠራ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ፤ በ1899 እ.ኤ.አ.፣ በግዕዝ ፊደል። የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደለም። የአገራችን ልጅ ነውና ስሙን ለደረሶቻችን እንነግራለን። ሠራተኛውም የሁሩሙ ልጅ መጥቶ ሲጠይቀው ሊነግረው ይገባል።

የሰዓቱና የበሩ ነገርም አለ። ቡና ሲደርስ ለለቀማ ከሌላ ቦታ የሚመጣው ወጣት የቀበሌ መታወቂያ አይኖረውም፤ ያለ መታወቂያ አይገባም ከተባለ ከበሩ ይመለሳል። በክረምት ጭቃ ጫማውን አውልቆ የሚገባውን ገበሬ በዓይን የሚገላምጥ አስተናጋጅ አይተናል። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገናኙ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተማሪ እኩል ጾሞ ነው የሚያነበው። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ሲከብድ የሚያውቅለት፣ የማለዳውን ሰዓት የሚያስረዝምለት ኃላፊ ያስፈልገዋል። በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ የሚወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤት ያድሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ጥቂቶቹ ሠልጥነው ንባብ ቤት ቢመደቡና ለሚፈልግ ቢያነቡ ምን ይከለክላል?

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚሉ ወንድሞች ዘካችንን እናውለው ወይ ብለው ጠይቀውናል። ዘካ በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ተቀባዮች አሉት፤ የንባብ ቤት ሥልጠና በስሙ ከእነርሱ መካከል የለም፤ ስለዚህ የድሃውን ድርሻ ወደዚያ አናዙር እንላለን። ሰደቃ ግን በሩ ሰፊ ነው። ዕውቀት የሚያስቀጥል ሰደቃ ባለቤቱ ከሞተም በኋላ አጅሩ አይቋረጥም። አባቶቻችን ኪታብ ወቅፍ ያደርጉ ነበር፤ የአንድ ወጣት የሥልጠና ወጪም በዚያው መንፈስ ሊሸፈን ይችላል።

ይህን ሁሉ ስንናገር የራሳችን ቁም ሳጥን ታወሰን። በመስጂዳችን መስታወት ያለው የኪታብ ቁም ሳጥን አለ፤ ቁልፉ ለዓመታት በእኛ ኪስ ነበር። ከሴቶች ወገን ኪታብ የፈለገች በወንድሟ ወይም በባሏ በኩል ትልክብን ነበር፤ እኛ ከሌለን ደግሞ የለም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ግን ማንም አላሰበላቸውም። በዚህ ረመዳን ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጸን በሴቶቹ መግቢያ በኩል ሰቅለነዋል። የውሰት ደብተሩን የምትይዘው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ኪታብ ወጥቷል። ዓይነ ስውሩ ደረሳችንም ከተራዊህ በፊት እየመጣ አንዱን እንድታነብለት ጠይቋታል።