የ180ዎቹ ጉባኤ

ዐቢይ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባስታወቁ ጊዜ፣ በየከተማውና በየገጠሩ ሰው እርስ በርሱ የተጠያየቀው ማን ይተካቸው ይሆን የሚለውን ነበር፤ ተተኪውን የሚመርጠው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ሥርዓትና በስንት ድምፅ እንደሚመርጥ ያሰላሰለ ግን ከፖለቲካ ሰዎችና ከጋዜጠኞች በቀር ጥቂት ነበረ። መራጩ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ፣ በምርጫ ጣቢያ ያልታየ፣ ነገር ግን የአገሪቱን መሪ ማንነት የሕዝብ ተወካዮች ሸንጎ ከመሰብሰቡ አስቀድሞ የሚቈርጥ አንድ ጉባኤ ነበር፤ በጊዜው አገሪቱን ይገዛ የነበረው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ይባላል። ይህን ጉባኤ ለአንባቢ ማስተዋወቅ የፈለግነው፣ የተከፋፈለ ፓርቲ የሸንጎ መሪውን ለመምረጥ ሲጨነቅ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በአገራችን ታሪክ ከእርሱ የተሻለ ምስክር ስለማናገኝ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ሥርዓተ መንግሥቱ ፓርላሜንታዊ እንዲሆን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ፣ ሥልጣነ መንግሥቱንም በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች እንዲረከቡ አዝዟል። ሕጉ ከዚህ አልፎ አይናገርም። ባለ አብላጫው ፓርቲ ዕጩውን በምን መንገድ እንደሚለይ፣ አባላቱ ቢለያዩ ክርክሩ በምን እንደሚፈታ፣ ሁለት ዕጩዎች ቢነሡ ድምፁ በምሥጢር ይሁን ወይም በግልጽ፣ ይህን ሁሉ ለፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ትቶታል።

ነገሩን ከአንድ ወረዳ ተነሥተን እንመልከተው። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ በሚገኘው በአዲ አርቃይ፣ መራጩ በምርጫ ቀን የመራጭነት ካርዱን አሳይቶ፣ ስሙ ከመዝገቡ ላይ ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ፣ ጣቱን ቀለም ተቀብቶ የድምፅ መስጫውን ወረቀት ይቀበላል፤ ወደ ተከለለው ምሥጢራዊ ክፍል ገብቶ ያን ጊዜ የኢሕአዴግ ምልክት የነበረውን ንብ ወይም ሌላውን ምልክት ከለየ በኋላ፣ ከዕጩው ስም ትይዩ የኤክስ ምልክት ያደርጋል፣ ወይም ጣቱን ያትማል፤ ወረቀቱንም አጥፎ ከሣጥኑ ይከትታል። በዚያ ወረቀት ላይ የወረዳው ዕጩ ስም አለ፤ የፓርቲው ምልክት አለ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ግን የለም። የአዲ አርቃይን ሕዝብ ወክሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው እንደራሴ የአማራ ክልል ካሉት 138 መቀመጫዎች በአንዱ ይቀመጣል፤ ኦሮሚያ 178፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል 123፣ ትግራይ 38፣ አዲስ አበባ 23 ነበራቸው፤ የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላ፣ የሐረሪና የድሬዳዋ ሲደመሩ 47 ናቸው። ጠቅላላው 547 ይሆናል፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወስደውት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሸንጎ ወደ ፓርቲው ጉባኤ ስንሻገር ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። ኢሕአዴግ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር፤ የትግራዩ ሕወሓት፣ የአማራው ብአዴን፣ የኦሮሚያው ኦሕዴድና የደቡቡ ደኢሕዴን። ምክር ቤቱ 180 አባላት ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ድርጅት የሚወክለው ሕዝብ ቢበዛም ቢያንስም 45፣ 45 ሰው ይልክ ነበር፤ ከምክር ቤቱ ሌላ ደግሞ ከየድርጅቱ 9፣ 9 ሰው የሚገኝበት የ36 ሰዎች ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነበር። ስለዚህ በሸንጎው 38 መቀመጫ ያለው ትግራይና 178 መቀመጫ ያለው ኦሮሚያ በዚህ ጉባኤ እኩል ድምፅ ነበራቸው፤ የአፋርና የሶማሌ፣ የጋምቤላና የቤንሻንጉል ፓርቲዎች ግን አጋር ይባሉ እንጂ አባል ስላልነበሩ አንድም ድምፅ አልነበራቸውም። ከዚህም ሌላ ሁለት ድርጅቶች ቢተባበሩ ድምፃቸው 90 ነው፤ ይህም የጉባኤው ልክ እኩሌታ እንጂ ብልጫ አይደለም። ይህን የነደፈው ሰው ሁለት ሆነው ሁለቱን እንዳይረቱ ሆን ብሎ አስቦበት እንደ ሆነ እንጃ፤ ውጤቱ ግን ከሦስተኛ ድርጅት ቢያንስ አንድ ሰው ሳይማረክ መሪ ሊመረጥ የማይችልበት ጉባኤ ሆነ።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ሥልጣን በጦር ሜዳ በሚቈረጥበት ዘመን፣ የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ፤ ክርክሩ በአንድ ቀን ውጊያ አለቀ። ፓርላማ ከተቋቋመም በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ቢፈቀድለትም፣ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደራሴ የሚቆመው ለብቻው ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥልጣን በለቀቁ ጊዜ፣ እንዳልካቸው መኰንንን ለመሾም የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ በቂ ነበር። ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን ሹመት እንጂ ምርጫ አልነበረም።

በኢሕአዴግ ዘመንም ቢሆን ምርጫው ለብዙ ጊዜ ከሹመት እምብዛም አይለይም ነበር። በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጥቂት ድምፅ ብልጫ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአቶ መለስ ዜናዊ ወገን አሸንፎ 12ቱ ተቃዋሚዎች ሲወጡ፣ ያ መከፋፈል በአንድ ድርጅት ውስጥ ተጀምሮ በዚያው ድርጅት ውስጥ ተቈረጠ፤ የግንባሩ ጉባኤ ውጤቱን ከመቀበል በቀር ሚና አልነበረውም። አቶ መለስ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉም፣ ምክትላቸው የነበሩት አቶ ኃይለ ማርያም በመስከረም 2005 ዓ.ም. በሊቀ መንበርነት ተሠይመው፣ በዚያው ወር ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አንድነቱ ያን ጊዜ የሚያስመሰግን መስሎ ነበር፤ በኔ አስተያየት ግን የመሪ ምርጫውን ጥያቄ ፈታው ከማለት አሳደረው ማለት ይቀላል።

ጥያቄው ከአምስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አገሪቱ ሌላ ነበረች። በኦሮሚያ ተቃውሞው ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አላባራም፤ በጎንደርም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በትግራይ ክልል ሥር በነበረው በወልቃይት ላይ የተነሣው የማንነት ጥያቄ ሕዝቡን አደባባይ አስወጥቶ፣ ነውጡ በሰሜኑ ክፍል ሁሉ ተሰማ። ብአዴንና ኦሕዴድ የየሕዝባቸውን ቍጣ ተመልክተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ በሕወሓት በኅዳር 2010 ዓ.ም. ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በደኢሕዴን የአቶ ኃይለ ማርያምን ቦታ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ ያዙ። በኦሕዴድ የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የድርጅቱ ሊቀ መንበር አቶ ለማ መገርሳ በሕዝብ ዘንድ ስማቸው ገንኖ ሳለ፣ የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ እንጂ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ፣ አንቀጽ 73 መንገዱን ዘጋባቸው፤ ስለዚህ ድርጅቱ የካቲት 15 ቀን ሊቀ መንበርነቱን የፓርላማ አባል ለሆኑት ለዶክተር ዐቢይ አሕመድ አስረክቦ፣ አቶ ለማን ምክትል አደረጋቸው። አንድ የሕግ አንቀጽ የሁለት ሰዎችን ቦታ አለዋወጠ።

የፓርቲው መሰንጠቅ በሸንጎው አደባባይ የታየውም በዚያ ሰሞን ነው። ከአቶ ኃይለ ማርያም የመልቀቂያ ጥያቄ ማግስት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የካቲት 23 ቀን ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ ያን ጊዜ በነበሩት 539 አባላት ሒሳብ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ 360 ያህል መሆን ነበረበት። አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ በመጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተዐቅቦ መኖሩን አስታወቁ፤ ቍጥሩ አዋጁን ለማጽደቅ የማይበቃ መሆኑ ሲታወቅ፣ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ስለ እርማቱ ብዙ ተባለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን 88ቱ ነው፤ አንድም የተቃዋሚ ወንበር በሌለበት ምክር ቤት፣ የመንግሥት ተጠሪው ሁሉንም በአንድ ድምፅ ያሰልፋል ተብሎ በሚታመንበት ቤት፣ 88 እንደራሴዎች እጃቸውን ለተቃውሞ አነሡ።

የ180ዎቹ ጉባኤ የተሰበሰበው እንግዲህ በዚህ መንፈስ ነው። ሥራ አስፈጻሚው አስቀድሞ በዝግ ቤት ብዙ ቀን ተቀምጦ ከተከራከረ በኋላ ምክር ቤቱ ተተካ፤ ሕዝቡም ከዛሬ ነገ ይነገራል እያለ፣ ከየካቲት 8 እስከ መጋቢት 18 ድረስ 40 ቀን በጾም ላይ ጾም ጨምሮ ጠበቀ። ለዕጩነት ስማቸው ሲነሣ ከነበሩት አንዱ፣ የብአዴን ሊቀ መንበር አቶ ደመቀ መኰንን፣ ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ የዚህ እርምጃ ክብደት የሚታወቀው ከላይ የተመለከትነውን የ45 ሒሳብ ላስታወሰ ሰው ነው፤ የአንድ ድርጅት ድምፅ ዕጩ አልባ ሲሆን ወደ አንዱ ማዘንበሉ አይቀርምና። ድምፁ በምሥጢር ተሰጠ፤ ሲቈጠርም ዶክተር ዐቢይ 108 አገኙ፤ አቶ ሽፈራው ሁለተኛ ሆኑ፤ ዶክተር ደብረ ጽዮን የሁለት ሰው ድምፅ ብቻ ነበራቸው። 108 ከሁለት ድርጅት ድምፅ በ18 ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ከድርጅቱ መስመር ወጥቶ መምረጡ ግልጽ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም መጋቢት 24 ቀን፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ተሰብስቦ ምርጫውን አጸደቀ፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትርም በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

መከፋፈል ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አያገኝም። መኢአድን፣ ኢዴአፓ-መድኅንን፣ ቀስተ ደመናንና የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግን ያጣመረው የተቃዋሚዎች ቅንጅት፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 109 የፓርላማ መቀመጫ እንዳገኘ ከተነገረ በኋላ፣ ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚል ክርክር ተሰነጠቀ። መሪዎቹ በ1998 ዓ.ም. ታስረው ሳለ የገቡት እንደራሴዎች አቶ ተመስገን ዘውዴን ይዘው በሸንጎው ተቀመጡ፤ ከመሪዎቹ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውልና ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 ዓ.ም. ከእስር ሲፈቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተለያዩ፤ የቅንጅት ስም በ2000 ዓ.ም. በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለአቶ አየለ ጫሚሶ ወገን ሆነ፤ እነ ወይዘሪት ብርቱካን አንድነት የተባለ ሌላ ፓርቲ መሠረቱ። ክርክሩን የሚቈርጥ፣ ሁሉም ወገን የሚገዛለት አንድ ጉባኤ ስላልነበራቸው፣ የመረጣቸው ሕዝብ በሸንጎው ማን ስለ እርሱ እንደሚናገር ሳያውቅ ቀረ።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። በአሜሪካ የሪፐብሊካን ፓርቲ በጥቂት ወንበር ብልጫ የተወካዮችን ምክር ቤት በያዘ ጊዜ፣ ኬቪን ማካርቲ አፈ ጉባኤ ለመሆን 15 ዙር ድምፅ አስፈልጓቸው፣ የመጨረሻው ቈጠራ የተፈጸመው ታኅሣሥ 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ልደትን በምናከብርበት ዕለት ነበር። ዘጠኝ ወር ሳይቆዩ፣ ከራሳቸው ፓርቲ ጥቂቶች ከተቃዋሚዎቹ ጋር አብረው በ216 ለ210 ድምፅ አወረዷቸው፤ ፓርቲው ሦስት ዕጩ አቅርቦ ሦስቱም ከወደቁ በኋላ፣ በአራተኛው በማይክ ጆንሰን ተስማማ። የማካርቲ መመረጥና መውረድ ግን በአደባባይ፣ እያንዳንዱ እንደራሴ ስሙ ተጠርቶ፣ መራጩ በቴሌቪዥን እያየው የተፈጸመ ነው። የእኛው 108 ድምፅ ከየትኞቹ ሰዎች እንደ መጣ የአዲ አርቃይ መራጭ ይቅርና የፓርላማ አባሉም አያውቅም፤ የምሥጢር ድምፅ ለመራጭ ሕዝብ መጠጊያ ነው፣ ለሕዝብ ወኪል ግን መሸሸጊያም ሊሆን ይችላል።

ያ ጉባኤ ዛሬ የለም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከስሞ፣ ሦስቱ አባል ድርጅቶችና አጋሮቹ ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ሕወሓት አልገባም ብሎ ቀረ፤ የ45 እኩል ድርሻም ከዚያው ጋር ተቀበረ። አንቀጽ 73 ግን እንዳለ አለ፤ ወደፊት ማናቸውም ፓርቲ አብላጫ ቢያገኝ መሪውን የሚለየው በራሱ ደንብ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩው ወደ ቀበሌህ መጥቶ የፓርቲውን ፕሮግራም ሲያነብልህ፣ መተዳደሪያ ደንቡንም እንዲያሳይህ ለምነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጡት ስንት ሰዎች እንደ ሆኑ፣ ማን እንደ ወከላቸው፣ እርሱ ራሱም በመካከላቸው ድምፅ ያለው መሆኑን ጠይቀው።